«ከላም ጋር ያደገ ባል ይቅርብኝ!»

 

እኔ የምለው… እዚህ ከተማ ውስጥ ሰውን ማሳነስ ስንፈልግ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ስድብ የትኛው ነው? «ፋራ» የሚለው እንኳ አርጅቷል። ያላረጀው «ከከብት ጋር ያደገ» የሚለው ነው። ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠ፣ ካፌ ውስጥ ጮክ ብሎ ያወራ፣ ሹካ አያያዝ ያላወቀበት… ሁሉም «ከከብት ጋር ያደገ» ይባላል። ተሳዳቢው የገዛ አያቱ የት ሲያድሩ እንደኖሩ ቢጠየቅ ግን… ተዉት፣ ይቅርበት።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ነው። ስለ ኮንዶሚኒየም አይደለም (እሱን ሌላ ሳምንት አብረን እናለቅሳለን)። በድንጋይ ስለተሠራ፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩበት የገጠር ቤት ነው። «ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» እንዳትሉ። እንዲህ ያለ ቤት የአንዲት ጓደኛዬን ትዳር ገና ሳይጀመር አፍርሶታል። የእኛንም ቤተሰብ ለሁለት ከፍሎ ሊያባላን ነበር።

የጓደኛዬን ላስቀድም። «ጻፊው፣ ሌላዋ ትማርበት፤ ስሜን ግን እንዳትጠሪ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

እጮኛዋ የመንዝ ልጅ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ትሁት፣ ሲስቅ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ዓይነት። ቀለበት አስረዋል። ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል። ከዚያ በፊት «እናቴ ትይሽ» አላትና በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. ይዟት ሄደ። ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር።

የዚያን ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በድንጋጤ አነሳሁት። እሷ ናት፣ በሹክሹክታ እያለቀሰች።

«ላም አጠገቤ ተኝታለች!»

«ምን አጠገብሽ?»

«ላም! ላም ነው የምልሽ! በመሃላችን ወገብ የሚደርስ ካብ ብቻ ነው ያለው። ትተነፍስብኛለች!»

አጽናናኋት፣ ሊነጋ ነው አልኳት። ሲነጋ መልሳ ደወለች። አሁን ግን ለቅሶው ቀርቶ ንዴት ሆኗል። ብቻዬን ነኝ ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ «በቃ! ከላም ጋር ያደገ ባል ይቅርብኝ!» አለችኝ። እጮኛዋ ፊቷን የምትታጠብበት ውኃ ሞቅ አድርጎ ይዞላት በር ላይ ቆሞ ነበር። እናቱም ከኋላው።

ልጁ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። እዚያ ሲደርሱ እንዲህ አላት፦ «እናቴ ያስተኛችሽ የራሷ መደብ ላይ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ የሚሞቅ ቦታ የለም። እሷ በር ሥር፣ ብርዱ ላይ አደረች። አንቺ አላወቅሽም፣ ባለማወቅሽ አልቀየምሽም። ቃሉን ግን እናቴ ሰምታዋለች።»

ከሳምንት በኋላ ቀለበቱን መለሰ። ሽማግሌ ተላከ፣ ይቅርታ ተጠየቀ። «ይቅር ብያለሁ» አለ፤ አልተመለሰም ግን። አለቀ።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስታወራኝ መሳቅ አቃተኝ። ያን መደብ አውቀዋለሁና! የእኔም አያት ቤት መንዝ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ እዚያ እላክ ነበር።

ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ በጭቃ የተያያዘ፣ ውፍረቱ ልጅ ክንዱን ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር የማይደርስበት። ክዳኑ የጓሳ ሣር። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ትልቅ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። እንደገባችሁ በስተግራ ጋጣው አለ፤ ላሟ ከነጥጃዋ፣ ሁለት በሬ፣ ከዚያ ወዲያ በጎቹ። ጋጣውን ከሰው መኖሪያ የሚለየው ወገብ የሚደርስ ካብ ነው። ካቡን ታክኮ ደግሞ መደብ አለ። እዚያ መደብ ላይ ማን እንደሚተኛ በዕጣ አይወሰንም። አራስ ካለች አራሷ፣ የታመመ ካለ የታመመው፣ እንግዳ ከመጣ እንግዳው። ሌላ ጊዜ የቤቱ አዛውንት። ልጆችማ ተራችን የሚደርሰን ጉንፋን ሲይዘን ነበር (አንዳንዴ ሆን ብዬ እስል ነበር)።

ለምን መሰላችሁ? መንዝ ብርድ ነው። እሱም እንዲህ በቀላሉ ብርድ የምትሉት አይደለም። የጓሳ ሜዳ ያለበት ከፍታ ከባህር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለ ብርድ ልብስ ማደርን አስቡና ከዚያ በላይ ጨምሩበት። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ባለ ሀገር እሳት ሌሊቱን ሙሉ ይንደድ ብትሉ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ዛፍ ብርቅ ነው። የማያልቀው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሰው ቤቱን በድንጋይ ሠራ፣ ማሞቂያውን ደግሞ ወደ ውስጥ አስገባ። ማሞቂያዋ ላሟ ናት!

ቀልድ አይደለም። አንዲት ላም ቀንና ሌሊት ከገላዋ የምታወጣው ሙቀት ሱቅ ከሚሸጠው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር ይወዳደራል። መብራት ቢጠፋ አትጠፋም፤ ቆጣሪ የላት። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከእሳቱና ከከብቱ የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሣሩም ከላይ አፍኖ ይይዘዋል። የመንዝ ሰው ይሄን የጓሳ ሣር ዝም ብሎ አያጭደውም። ሜዳው በጋራ ሕግ እየተዘጋና እየተከፈተ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ክዳን የሚሆን ሣር እንዳይጠፋ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከብት ደጅ ካደረ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። በውርጭ ሌሊት የተወለደ ግልገል ደጅ ከቆየ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። እበቱ ደግሞ ለእናንተ ቆሻሻ ነው እንጂ ለባለቤቷ ንብረት ነው፤ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል፣ ከጭቃ ጋር ሲቦካ ግድግዳ ይለቀልቃል፣ ሲከማች ፍግ ሆኖ የጓሮውን ገብስ ያበቅላል። አንዲት ላም ወተት ብቻ አይደለችም። ምድጃም፣ ዘበኛም፣ ባንክም ናት። ባንኩን ደጅ የሚያሳድር ሰው አይታችኋል?

ደግሞ ይሄ የመንዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላሊበላ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች አሉ። ታች ከብት፣ ላይ ሰው፣ ከውጭ የድንጋይ ደረጃ። ቱሪስቱ ሁሉ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲወጣ ፎቶ የሚያነሳቸው እነሱን ነው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው፤ ዩኔስኮ ስለ ቦታው በጻፈው መግለጫ ላይ ግን እነዚህ የላስታ ጎጆዎችም ተጠቅሰዋል። ትግራይ ብትሄዱ ህድሞ አለ፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። ኮንሶ ብትወርዱ ደግሞ መንደሩ በሙሉ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው፤ ከብቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ታስሮ መኖው ይቀርብለታል፣ ፍጉ ደግሞ በእርከን ወደ ተሠራው ማሳ ይሄዳል። የኮንሶም መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

«ፈረንጅ ቢያየን ምን ይለናል?» የምትሉም አትጠፉም። ፈረንጅማ የራሱን ያውቀዋል! ስኮትላንድ ውስጥ ሌዊስ በምትባል ደሴት፣ አርኖል በተባለች መንደር አንድ ቤት አለ። ግድግዳው ድርብ የድንጋይ ካብ ነው፤ መሃሉ በአፈር የተሞላ። ክዳኑ ሣር። እሳቱ ወለሉ መሃል ይነዳል፣ የጢስ መውጫ የለውም። በአንደኛው ጫፍ ሰው፣ በሌላኛው ጫፍ ላም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ልክ የአያቴ ቤት! ሰው እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ በትኬት ይጎበኛል። ስሙ «ጥቁር ቤት» ነው። ይሄን ስም ያገኘው ግን እንደተሠራ አይደለም። አዲስ ዓይነት «ነጭ ቤት» ሲመጣ ነው አሮጌው «ጥቁር» የተባለው። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ሲመጣ ሣር ቤት ስድብ እንደሆነው ማለት ነው። ሰው ባማረው ነገር ብቻ አይኖርም፤ በኖረበት ነገር የሚያፍረው ግን ሌላ ሲያይ ነው።

እስካሁን ያወራሁትን አንብባችሁ «እሺ፣ እንግዲህ ሁላችንም ላም ሳሎን እናስገባ?» እንዳትሉኝ። የቤቱ ሌላ ገጽም አለ። እሱን ካልነገርኳችሁ ዋሸሁ ማለት ነው።

አያቴ ይስሉ ነበር። ዓይናቸው ያለቅስ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ክዳኑ ከሥር በኩል በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ክዳኑን ያጠቆረ ጢስ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ገምቱት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። ከብቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ላም ስታስወርድና ስትወልድ የሚወጣው ፈሳሽ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል። ቁንጫውን ተዉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ «ከብቱን ከሰው ለዩ» የሚሉት ለማዋረድ አይደለም። ልክ ናቸው።

እናላችሁ… በመስከረም 2012 ዓ.ም. ቤተሰቡ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ተሰበሰበ። አጀንዳው የአያቴ ቤት ነው። አጎቴ ገንዘብ አስዋጥቷል። «ያ ቤት ይፍረስ! ድንጋዩ ለመሠረት ይሁን፣ ከላዩ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ይሠራ። እኔ እዚህ በሴራሚክ ላይ እየሄድኩ እናቴ ከከብት ጋር ታድራለች ሲባል ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም» አለ። አክስቴ ተነሳች፦ «ያንተ ሐፍረት ነው እንጂ የእሷ ችግር አይደለም! አባታችን በእጁ የካበውን ቤት አታፈርሰውም!» ተጯጯሁ። ቡናው ቀዘቀዘ። አጎቴ «እናቴን ጢስ ሲገድላት ካቡ ላይ ተቀምጠሽ አልቅሺ» አላት። እሷም ነጠላዋን ይዛ ልትወጣ ተነሳች።

በመጨረሻ «እሳቸውስ ምን ይላሉ?» ያለ ሰው ተገኘ። ስልክ ተደወለ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

አያቴ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ መጀመሪያ ያሉት «ጌታ የተወለደው የት ሆነና ነው እኔ የማሳፍራችሁ?» ነው። ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ ያሉት ግን አላሳቀንም።

«ልጆቼ፣ ሁላችሁም ሄዳችኋል። አልፈርድባችሁም፣ እንጀራ ነው። እኔ ሌሊት ስነቃ የምሰማው የላሟን ትንፋሽ ነው። ታመሰኳለች፣ እኔም ተመልሼ እተኛለሁ። ትንፋሿ ከተለወጠ ጅብ መጥቷል ወይም ምጥ ይዟታል፣ እነሳለሁ። ቆርቆሮ ቤት ስትሠሩልኝ በሌሊት አለሁ የሚለኝ ማን ነው?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። እኛም እንዲሁ።

ያኔ ነው እኔም የተናገርኩት። «ጢሱም እውነት ነው፣ ብቸኝነቱም እውነት ነው። ቤቱን ከማፍረስ በፊት ቤቱ የሚሠራውን ሥራ እንቁጠር። ያሞቃል፣ ይጠብቃል፣ ያጫውታል፣ ያሳምማል። የሚያሳምመውን ብቻ እናውጣ» አልኩ። ከቤተሰቡ ታናሿ ነኝና መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። በኋላ አክስቴ ሰማችኝ፤ ከዚያ አጎቴም «እሺ፣ እስቲ ይሞከር» አለ።

በጥር 2012 ዓ.ም. የአካባቢው ግንበኛ ተጠራ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ልጅም ተማከረች። ወገብ ይደርስ የነበረው ካብ እስከ ጣሪያው ድረስ በድንጋይ ተነሳ። ጋጣው ነፋስ በማይመጣበት በኩል የራሱ በር ተከፈተለት። ወለሉ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብሎ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ሽንቱ እንዳይተኛ። በሰው በኩል መስኮት ተከፈተ። እሳቱ ከቤቱ ወጥቶ ጎን ላይ በተሠራች፣ ጢስ መውጫ ባላት ማድ ቤት ገባ። ወተት ሳይፈላ አይጠጣም ተባለ። መደቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ አሁንም ጀርባውን ለጋጣው ግድግዳ ሰጥቷል። በሌላኛው በኩል ላሟ ስለምትተኛበት ድንጋዩ ማታ ማታ በእጅ ሲነካ ለብ ይላል።

አያቴ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ግድግዳው ላይ ከፍ ብላ መዳፍ የምታህል፣ በእንጨት የምትከደን ቀዳዳ ትተውላቸው። ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቀዳዳዋን አየች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ «መስኮቱ ጥሩ ነው» አለች።

ሳሉ በረደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ የስንት ዓመት ጢስ ነው። ከተዋጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ተርፎ ለሕክምናቸው ዋለ። አጎቴ እስከ ዛሬ የቤቱን ፎቶ ለጓደኞቹ አያሳይም። እናቱ ዘንድ ሲሄድ ግን መደቡ ላይ እኔ ልተኛ የሚለው እሱ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ይሄ ዓምድ የምክር ነውና ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ባል ወይም ሚስት ልታገቡ ከሆነ ያደገችበትን ወይም ያደገበትን ቤት እዩ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። «ቤታችሁ እንዴት ነው? የት ነው የሚተኛው? ምን ሲደረግልኝ ክብር ነው?» በሉ። እናንተም ገጠር ያላችሁ ቤታችሁን አትደብቁ፤ አስቀድማችሁ ንገሩ። የደበቃችሁት ቤት የሚጋለጠው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለወላጅ ቤት መሥራት የሚመሰገን ነው። የምትሠሩት ግን ለእነሱ ነው ወይስ ለሰው ዓይን? የሚኖርበትን ሰው ሳትጠይቁ አንድ ድንጋይ አታንሱ። ቆርቆሮ ሀብት ይመስላል፤ በውርጭ ሀገር ግን ሌሊት በረዶ ነው፣ በረዶ ሲዘንብበት ደግሞ ከበሮ ነው።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ የምታፈርሱትም፣ አሮጌ ነው ብላችሁ የምትሳለሙትም ቆም በሉ። ጢሱ ቅርስ አይደለም፤ ይውጣ። የከብቱ ትንፋሽ የሰው ሳንባ ውስጥ መግባቱም ባህል አይደለም፤ ይለይ። ግድግዳው ግን ምን አደረገ? ዛሬ እንደዚያ የሚክብ ግንበኛ ፈልጋችሁ ሞክሩ፤ የእኛን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። እሱም ልጆቹ ሙያውን እንዳልፈለጉት ነግሮናል።

ታክሲ ውስጥ እግራችሁን የረገጣችሁንም ሰው «እግሬን ረገጥከኝ» በሉት። ይበቃዋል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!